ለሁለት የተከፈለ ክኒን

የሆስፒታሉ ስፌት ክፍል ምድር ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበር። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ስለሆኑ ውጭ የሚያልፈውን ሰው የምንለየው በጫማው ነው። ከግድግዳው ወዲያ ማጠቢያው ሲዞር የእኛም ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል፤ በላዩ ያለው የክር ጥቅል ቀስ በቀስ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። እታለም ቀና ሳትል እጇን ዘርግታ ከመውደቁ በፊት ትይዘዋለች። ከጎኗ ባለው መኪና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና ስለ እርሷ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ መጀመሪያ የታየኝ ይኸው እጇ ነው።

እታለም መጠሪያ ስሟ አልነበረም። ታናሽ እህቷ እንዲህ ስትላት ሰምተን እኛም እታለም አልናት፤ ውሎ አድሮ ሐኪሞቹም ዘበኞቹም ሌላ ስም እንዳላት ረሱት። የክፍሉ ኃላፊ ነበረች። ሥራችን ዐይን የሚሞላ አይደለም። የሰው ጀርባ አሳስቶት መሐሉ ወንፊት የሆነ አንሶላ ሲመጣልን ከላይ እስከ ታች ለሁለት እንቀደዋለን፤ ከዚያ ያልተነካውን ዳርና ዳር መሐል ላይ አገናኝተን እንሰፋና ሌላ ዕድሜ እንሰጠዋለን። የበሽተኛ ጋውን እንቆርጣለን። ለቀዶ ጥገና የሚሆነውን አረንጓዴ ጨርቅ መሐሉን ከፍተን ቀዳዳውን እንዘመዝማለን። እታለም ከሁሉ የምትጠነቀቀው ለጋውን ማሰሪያ ነበር። ማሰሪያው የሚያሳክክ ወይም ጀርባ ላይ የሚጎረብጥ ቋጠሮ ካለው ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። «የሚተኛበት ሰው እኮ ገልበጥ ማለት አይችል ይሆናል» ትላለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም።

ታናሽዋን ሚጡ ነበር የምንላት። አርባ ዓመት አልፏት፣ ከጆሮዋ በላይ ሸብቶባትም ያው ሚጡ ነች። አንድ ቀን አዲስ ነርስ ጋውን ልትወስድ ወረደችና «ሚጡ የምትባለው ልጅ የታለች?» ብላ ጠየቀች።

ሚጡ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት። «ልጅቷ እኔ ነኝ» አለች። «እንግዲህ አንቺ ገና አልተወለድሽማ።»

ሁላችንም ሳቅን። እታለም ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቀነቀው።

ሁለቱ ለብቻቸው ነበር የሚኖሩት። እናታቸው የሞተችው ሚጡ ገና ትምህርት ቤት ሳለች ነው። በሽታው መጀመሪያ እግሯን አስጎተታት፣ ቀጥሎ እጇን አሰለለው፣ በመጨረሻ ምራቅ መዋጥና መናገር ከለከላት። ያኔ ስም የሚያወጣለት ሐኪም አልተገኘም። እታለም ትምህርቷን ትታ እናቷን አስታመመች፤ እናትየዋ ካረፈች በኋላም ስፌት እየሠራች ታናሽዋን አሳደገች። ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ ነበራቸው፤ ማንኛውም ነገር ይካፈላል። ብርቱካን ይገመሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ አንድ ሙዝ እንኳ ከመሐሉ ይሰበራል። ምሳ ሰዓት እታለም ቆርሳ ተለቅ ያለውን ለሚጡ ትሰጣለች፤ ሚጡ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያይታ ከራሷ ላይ ቆንጥራ ትመልሳለች።

«እናንተ ሰዎች ጉንፋንም ተካፍላችሁ ነው የምታስነጥሱት» አለቻቸው አንድ ጊዜ ከእኛ መሐል ቀልደኛዋ።

«ማስነጠሱን እሷ፣ መናፈጡን እኔ» አለች ሚጡ።

የእታለም ቀኝ እግር ከመኪናው ፔዳል ላይ መዘግየት ሲጀምር ከሁላችን ቀድማ ያወቀችው ራሷ ትመስለኛለች። መኪናዋ መሐል ላይ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ መደንገጥ ብሎ ይነሳል። «ጫማው ነው» አለችን። ሌላ ጫማ አደረገች። «ወለሉ ነው» አለችን። እኛም ወለሉን አየን። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሚጡ ወፍራም ጨርቅ ላይ መርፌ ስትገፋ አውራ ጣቷ መታጠፍ ጀመረ። ያን ቀን እታለም የሚጡን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታየው አየኋት። በራሷ እግር እንዲያ ስትጨነቅ አላየኋትም ነበር።

የነርቭ ሐኪሟ ወደ እኛ ክፍል መውረድ የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነች፤ ነጭ ካፖርቷ ዘወትር አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። እታለም እንደ ቆመች ትሰፋላታለች፣ በሚቀጥለው ስትመጣ ደግሞ ሌላው የለም። ዶክተሯ የሁለቱንም ደም ወስዳ አስመረመረች። አሁን ከጥቂት የደም ጠብታ የሰውን ዘር ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ማሽን አለ። በእናታቸው ጊዜ ስም የታጣለት በሽታ ስም ወጣለት። ከእናታቸው ወርዶ ሁለቱም ደም ውስጥ ገብቷል።

«ሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ችግር በጣም ትንሽ ነው» አለቻቸው። «በረጅም ዝምዝም ላይ አንድ ስፌት እንደ መዝለል ነው።»

«ታዲያ አይፈታም?» አለች እታለም።

ዶክተሯ «እየተሞከረ ነው» አለች።

ከዚያ ስለ ጥናቱ ነገረቻቸው። ደረጃው እታለምን ስለሚያደክማት እዚያው ስፌት ክፍል፣ ክምር አንሶላ ላይ ተቀምጣ ነው የነገረቻቸው፤ እኔም ጎናቸው ሆኜ እሰማለሁ።

«ክኒኑ ይሠራል አልላችሁም» አለች። «አላውቅም። ለማወቅ ነው ጥናቱ። እኩሌታው በሽተኛ መድኃኒት ያለበትን ክኒን ይወስዳል፣ እኩሌታው ባዶውን። መልካቸውም ምሬታቸውም አንድ ነው። ለማን የትኛው እንደ ደረሰ እኔም አላውቅም። የሚመድበው ኮምፒዩተር ነው።»

«እንደ ዕጣ» አለች ሚጡ።

«እንደ ዕጣ።»

«ለእህትማማች አንድ ዓይነት አይሰጥም?»

«ለየብቻ ነው የሚወጣው። ለሁለታችሁም ሊደርስ ይችላል፣ ለአንዳችሁ ብቻም።»

«ባዶው የደረሰው ሰው ታዲያ እየባሰበት ዝም ሊባል ነው?»

ዶክተሯ ይህን ጥያቄ የጠበቀችው ይመስል ነበር። «መሥራቱ ከተረጋገጠ ለሁሉም ይደርሳል። ካልተረጋገጠ ግን ለማንም አይደርስም። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ጥቂት ነው፤ እያንዳንዳችሁ ትቆጠራላችሁ። የተሰጣችሁን እንደተሰጣችሁ መዋጥ ነው፤ ሌላ የምለምናችሁ ነገር የለም።»

ሁለቱም እሺ ብለው ፈረሙ።

ያን ዕለት ቤታቸው ሲገቡ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ነገር ግን ቦታው እዚህ ስለሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ። የተሰጧቸውን ሁለት የክኒን ብልቃጦች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«ባዶው የኔ በሆነ» አለች እታለም። «እኔ ኖሬአለሁ።»

«መቼ ኖርሽ? የኔን ትራፊ ስትበዪ አይደል ያረጀሽው?» አለች ሚጡ። «ስሚኝ። መድኃኒቱ የኔ ቢሆንና እኔ ሙሉውን ውጬ አንቺ ስትወድቂ ቁጭ ብዬ ልይሽ? አላደርገውም። ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ እንውሰድ።» ይህን ብላ ስፌት የምትፈታበትን ምላጭ ከቦርሳዋ አወጣች።

እታለም ልትከለክላት ትችል ነበር። ያልከለከለችበትን ምክንያት ኋላ ስትናገር ሰምቻለሁ። ባዶው ለሚጡ ደርሶ ከሆነ ከራሷ ብልቃጥ ግማሹ እንኳ ይድረሳት ብላ ነው። ሚጡ ለእርሷ፣ እርሷ ለሚጡ አስበው፣ ክኒኑን በየጠዋቱ እንደ ዳቦ ተካፈሉት። ማንንም ያታለሉ አልመሰላቸውም። ከልጅነት እስከ እውቀት ሲያደርጉት የኖሩትን ነው ያደረጉት።

ለጥናቱ ደም የሚቀዳው ሰው እኛው ዘንድ እየወረደ ነበር የሚቀዳቸው። ስሙን ቢንቢ ያልነው እኛ ነን፤ እርሱም አልተቀየመም። ቁመቱ መቃ የሚያህል፣ በቅርቡ ያገባ ሰው ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ወሬው ሁሉ ስለ እርሷ ነው።

«ዛሬ ደግሞ ከማን ልጠጣ?» ይላል ጓንቱን እያጠለቀ።

«ከሚጡ ጠጣ። የኔ ደም አርጅቶ ሆምጥጧል» ትለዋለች እታለም።

ይቀልድ እንጂ ሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም። መርፌውን ከማስገባቱ በፊት ሁልጊዜ ስም ያስጠራል፣ ሁልጊዜም ስሙን ወዲያው የደሙ ብልቃጥ ላይ ይለጥፋል።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ቢንቢ ያለ ነጭ ካፖርቱ ወረደ። ቀልደኛዋ «ምነው፣ ክንፍህን የት ጣልከው?» ስትለው አልሳቀም።

«ከሥራ አግደውኛል» አለ። መቀመጫ ሰጠነው፤ ቆሞ ቀረ። «ደም ውስጥ ያለውን መድኃኒት የሚለካ ማሽን አለ። ዕጣውን የሚያውቁት ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች ናቸው። ባዶው ከደረሳት ሴት ደም ውስጥ መድኃኒት ተገኘ ብለው ላኩ። የእናንተን የሁለታችሁን ደም አለዋውጠሃል ነው የሚሉኝ።»

የሁላችንም መኪና ዝም አለ። እታለም በያዘችው ጋውን ላይ ማሰሪያ መትከሏን አላቆመችም።

«እኔ አለዋውጬ አላውቅም» አለ ቢንቢ። «ግን ማን ያምነኛል? የኔ ብቻ ቢሆን ደግሞ ደግ ነው። እስከ ዛሬ የቀዳሁት የሰው ሁሉ ደም አይታመንም ሊባል ነው። ያ ሁሉ በሽተኛ የለፋበት ገደል ሊገባ ነው። እባካችሁ፣ ስማችሁን ሳላስጠራ የቀዳሁበት ቀን ካለ ንገሩኝ።»

«የለም» አለች እታለም። «አንድም ቀን የለም።»

«ይህንኑ ብትነግሩልኝ?»

«ሂድ አሁን። ሚስትህ ጋ ሂድ።»

ጫማው በመስኮቱ ሲያልፍ አየን። ያኔ ሚጡ ተነስታ እህቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«እታለም፣ አፈር ስሆን ዝም በይ» አለች። «ያወጡናል። ሁለታችንንም ነው የሚያስወጡን። በሞቴ!»

እኛ ምን እንደ ሆነ አልገባንም፤ እርስ በርስ ተያየን። እታለም ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጋውኑን አጥፋ አስቀመጠች። ወደ እኔ ዞራ «ክንድሽን ስጪኝ። ደረጃው ለብቻዬ አይሞከርልኝም» አለች።

ደረጃው መሐል ላይ አረፍን። የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዛ ትንፋሿን ስትሰበስብ ቆየች።

«ሚጡን እንደሚያስወጧት አውቃለሁ» አለች። «መድኃኒቱን ከአፏ የምነጥቃት ያህል ነው የሚሰማኝ። ግን ያን ሰው ረግጬ እንዴት ልለፍ? ልጁ ሊወለድ ነው።» ከዚያ ግማሽ ግማሽ ስለተዋጠው ክኒን እዚያው ቆማ ነገረችኝ። ክንዷን አጥብቄ ያዝኩት።

ዶክተሯ ዘንድ ስንገባ እታለም ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ተናገረች። «ያ ልጅ ምንም አላጠፋም። ክኒኑን እየገመስን የምንወስድ እኛ ነን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም። ግማሽ ከኔ፣ ግማሽ ከሷ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርሽ አትገምሱ ትይን ነበራ።»

«አዎ፣ እል ነበር።»

«ለዚህ ነዋ» አለች እታለም፤ እንደ ሕፃን አንገቷን ደፋች።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ተነስታ ወንበሩን ራሷ ሳበችላትና አስቀመጠቻት። ጥናቱ እንደሚቀጥል፣ እነርሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሚወጡ በዝግታ አስረዳቻት። መድኃኒቱን ከጥናቱ ውጭ ለመስጠት ፈቃድ አልነበራትም። «በኔ እጅ ቢሆን...» አለችና ተወችው።

ቢንቢ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዶክተሯ ወረደችና ከሁለቱ ፊት ቆመች። የመጣችበትን ነገር ለመናገር ስትቸገር ያስታውቅ ነበር።

«ማወቅ መብታችሁ ነው» አለች። «መድኃኒቱ የሚጡ ነበር። የእታለም ባዶው ነው። ደግሞ ግማሹ ልክ አልሞላም። ደማችሁ ውስጥ የተገኘው በሁለታችሁም ዘንድ ከሚሠራበት መጠን በታች ነው።»

አንዷ ለሌላዋ ስትል ያደረገችው ለአንዳቸውም አልሆነም ማለት ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው ሚጡ ነች። «እንኳን የኔ ሆነ» አለች። «ያካፈልኩሽ የራሴን ነው ማለት ነው።»

እታለም ያን ቀን እስከ መውጫ ሰዓት መርፌ አልነካችም። የታጠፈ ጨርቅ እየዘረጋች እንደገና ታጥፍ ነበር።

የቢንቢ ልጅ ሴት ሆነች። ሊያሳየን ይዟት መጣ። እታለም ከለሰለሱ አሮጌ አንሶላዎች ትርፍ ላይ መጠቅለያ ሰፍታ ጠብቃው ነበር። ልጅቷን ለመታቀፍ ግን እጇን አላመነችውም፤ ሚጡ ታቅፋ ወደ ፊቷ አስጠጋችላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለእታለም ከባድ ነበሩ። መጀመሪያ በከዘራ መጣች፣ ቀጥሎ በተሽከርካሪ ወንበር። ፔዳሉ ሲያቅታት በእጇ ሰፋች፤ እጇ ሲያቅታት የእኛን ሥራ እያየች የተጣመመውን ተናገረች። ምላሷ እየከበደ ሲመጣ እርሱንም ተወችና ቤት ዋለች። ሚጡም ደህና አልነበረችም፤ እግሯን መጎተት ጀምራለች። ነገር ግን ትራመዳለች፣ ትሰፋለች፣ እህቷን አጥባና አጉርሳ ሥራዋ ላይ ትገኛለች።

ጥናቱ ሲያልቅ ዶክተሯ ቤታቸው ሄደች። እኔም ሻይ ላፈላ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። መድኃኒቱ ሠርቷል። በሽታውን አይነቅለውም፣ የወሰደውንም አይመልስም፤ ግን ባለበት ያቆመዋል፣ ወይም አካሄዱን በጣም ያዘገየዋል። እንዲሰጥም ተፈቅዷል። የሚሰጠው ግን ገና መራመድና መጨበጥ ለሚችል ሰው ነው። ከዚያ ላለፈ ምንም እንዳልጠቀመ ጥናቱ አሳይቷል።

«ላንቺ አልፎበታል፣ እታለም» አለች ዶክተሯ። ዞር ብላ ለሚጡ አልነገረቻትም፤ ለራሷ ለእታለም ነው የነገረቻት። የዶክተሯ ዐይን እንባ ሞላ።

እታለም ቃላቱን አንድ አንድ እያወጣች «ለሷስ?» አለች።

«ለሷ ይሆናታል። ሙሉ ሙሉውን ከወሰደች።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ሚጡ ግን ስኒዎቹን እንደያዘች ወደ ጓዳ ገብታ ቀረች።

ክኒኑ ከመጣ ወዲህ ጥቂት ጊዜ እንደሆነ አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሚጡ ዐይኗ ቀልቷል።

«አልበላም ብላኛለች» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ ከእጄ ምንም አልቀመሰችም። ምን እንዳደረግኳት እስቲ አንቺ ጠይቂያት።»

እታለም ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የቀዘቀዘ ሾርባ አለ። «ይመራል» አለችኝ። ንግግሯን የለመድነው ነን እንጂ ሌላ ሰው አይሰማውም። «ያ ክኒን ነው የሚመረው። አውቀዋለሁ።»

ሚጡ ሾርባውን አንስታ ልትወጣ ነበር፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ግማሽ ነው» አለች። «ግማሹን ብቻ ነው የጨመርኩት። ግማሹን እኔ ወስጃለሁ።»

«ግማሹ ለማንም አይበቃም» አለች እታለም። «ነግራናለች። አንድ ጊዜ አብረን ተሞኘን። ይበቃል።»

«ላንቺ ያልሆነ መድኃኒት ለኔ ምን ሊያደርግልኝ? ብቻዬን ቆሜ ልሄድበት ነው? ወዴት?»

«ወደ ሥራሽ።»

«እታለም!»

«አጥቤሽ፣ አጉርሼሽ ያሳደግኩሽ እንደ እናታችን እንድትሆኚ አይደለም።» ከዚህ በኋላ ዐይኗን ጨፍና አረፈች። ስትከፍተው ወደ እኔ ነበር የምታየው። «ክኒኑ ቤት አይግባ» አለችኝ። «ስፌት ክፍል ይቀመጥ። እናንተ ፊት ትዋጠው። ሙሉውን። አንቺ መጥተሽ ዋጠች ካልሽኝ እበላለሁ። ካልሽኝ ብቻ።»

«ልትገድለኝ ነው የምትፈልገው» አለች ሚጡ፤ ለእኔ ነው የምትናገረው። «ስሚያት፣ በረሃብ ስታስፈራራኝ!»

እኔ ጠብ አልወድም፤ ሰው መሐል መግባትም አልችልበትም። ያን ቀን ግን ብልቃጡን ከሚጡ ቦርሳ አውጥቼ በቦርሳዬ ከተትኩት። ሚጡ አየችኝ፤ አልከለከለችኝም።

ሰኞ ጠዋት መኪኖቹን ሳንነካ ሁላችንም በሚጡ ዙሪያ ቆምን። ውኃ በብርጭቆ አቀረብንላት።

«እስረኛ አረጋችሁኝ እኮ» አለች።

«ከዋጥሽ በኋላ ምላስሽን አንስተሽ ታሳያለሽ» አለች ቀልደኛዋ። ልታስቀን ነበር፤ ራሷም ግን አልሳቀችም።

ሚጡ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ነጭ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የማያህል ነገር ነው። ከሌላ ሰው ሳህን ያነሳችው ይመስል ወደ ብልቃጡ ልትመልሰው ቃጣት። ከዚያ አፏ ውስጥ ጨመረችው፣ ውኃውን ጠጣች፣ ጉሮሮዋ ወደ ታች ሲወርድ ሁላችንም አየን። ብርጭቆውን አስቀምጣ ፊቷን ባልተዘመዘመ ጋውን ሸፈነችና አለቀሰች። ማንም አይዞሽ አላላትም። እያንዳንዳችን ወደየመኪናችን ሄድን።

ከሥራ ስወጣ አብሬያት ሄድኩ። እታለም በሩን እያየች ነበር የምትጠብቀን።

«ዋጠች» አልኳት።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። በዐይናችን አየን።»

ሚጡ ሾርባ አሙቃ አመጣች። ማንኪያውን ስታቀርብላት እታለም መጀመሪያ አሸተተችው፤ ከዚያ አፏን ከፈተች። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ተቀምጬ ቆየሁ።

እንዲህ እየተመላለስኩ «ዋጠች» ስላት ከረምኩ። በኋላ መናገር ሲሳናት በዐይኗ ትጠይቀኝ ነበር። ባረፈችበት ቀን ጠዋትም ነግሬአታለሁ። የቀበርናት በጠራራ ፀሐይ ነው። ቢንቢ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ ነበር፤ ዶክተሯም አንድ ቁልፍ የጎደለው ካፖርቷን እንደለበሰች መጣች።

ሚጡ አሁንም ትሠራለች። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አልፎ አልፎ ሄጄ አያታለሁ። እግሯ ያኔ ከነበረበት አልባሰም፤ አውራ ጣቷ መርፌ ይገፋል። ክኒኑን ዛሬም ቤቷ አታስገባውም። እዚያው መሳቢያዋ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ታወጣውና መዳፏ ላይ ለጥቂት ጊዜ ትይዘዋለች። አሁን ማንም አይጠብቃትም። አፏን ስትከፍት የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ወደ ሥራቸው ይዞራሉ፤ እኔም ከተገኘሁ አንገቴን ደፍቼ እቆያለሁ። ውኃዋን ጠጥታ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ የመጀመሪያው መኪና ይነሳል።